ይሰማል?

ከወገብ በላይ ኮት፣ ክራባት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፤
ከወገብ በታች ሽርጥ፣ ለድሬ ሙቀት የሚታዘዝ።
ላፕቶፑን ከፍ አደረግሁት በሦስት የፓስታ ካርቶን፣
ካሜራው ዓይኔንም እንዲያይ፣ አገጬን ብቻ ሳይሆን።
ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፤ ጩኸቱ ድምፄን ይውጣል፤
ላብ ይሻላል፤ ላብ ጨዋ ነው፣ ሳይናገር ይወጣል።
የአከራዬን ልጅ ሙኒርን በሩ ላይ አቆምኩት፣
"ባጃጅ ቢመጣ፣ ፍየል ብትመጣ፣ አንተ መልስ" አልኩት።

ሌሊቱን የተለማመድኩት ከግድግዳው ጋር ነበር።
ግድግዳ አያዛጋም፤ ስልክ አይጎረጉር፤
ሃያ ሁለት ስላይድ ሰምቶ አንዴም አልተነፈሰ።
የኢፍቱ ግን በአምስተኛው ላይ ትዕግሥቷ ተጨረሰ፦
"ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው መመርቀን አለበት!
ጎረቤትህ ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ቢመጣበት
በስንት ቃል ትቀሰቅሰዋለህ?" ብላ ጠየቀች፤
አሥራ ስድስቱን ሰርዛ፣ ስድስቱን መረቀች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት።
ሰባት ጥቁር መስኮት፤ በያንዳንዱ ሥር ስም፣
ፊት የለም።
"ይሰማል?" አልኩ። ዝም።
"ይሰማል ወይ?" አሁንም ዝም።
ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፦ "ማይክዎን ይክፈቱት፣ ወንድም።"

ከፈትኩ። ከከተማው በላይ ስለሚተከል መለኪያ፣ ስለ ደወል፣
ስለ ዝናብ በሚሊሜትር፣ ሰማይ ስንት ጊዜ እንደሚያታልል፣
አወራሁ። ቀስት ሳልኩ። ሠንጠረዥ ገለጥኩ።
ጠጠር ወደ ጉድጓድ እንደጣለ ሰው ጠብታውን አዳመጥኩ፤
ምንም።
ዝምታው ደቻቱን መሰለኝ፣ የበጋውን፤
ልጆች ኳስ የሚጠልዙበትን፣ አህያ የሚያቋርጠውን።

ያኔ ዘሃራ አብዶሽ ትዝ አለችኝ።
ሰባት ዓመቴ ነበር፣ በዚያች ሌሊት ስትቀሰቅሰኝ።
ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በድንጋይ እየመታች፣
ነጠላ ጫማዋን ጥላ በዳርቻው ሽቅብ ወጣች።
የሷም መስኮቶች ጥቁር ነበሩ፤ በሩ ሁሉ ተዘግቶ፤
"ይሰማል?" አላለችም፤ ማን ይመልስላት ተኝቶ?
ስም ነው የጠራችው፦ "አደም! ውሃ! ከዲጃ! ውሃ! ተካ! ውሃ!"
ከዚያ ፋኖስ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ የሚሮጥ እግር፣
ከዚያ ውሃ።

ስላይዱን ዘጋሁት።
የምስር ፍሬ የሚያክለውን መብራት፣ እንደ ሰው፣ ፊት ለፊት አየሁት።
"ወይዘሮ ትርሲት፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤትዎ?
ኢንጂነር ጉዲሳ፣ እርስዎስ? ደረጃ አለ ከደጅዎ?
የኛ ቤት ምድር ነው፤ አልጋውም ምድር።
መለኪያው የሚሰጠን አርባ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አይጨምር።
አርባ ደቂቃ ማለት፣ አንዱን አዝላ፣ ሁለቱን ጎትታ፣
አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ መድረሷ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ትታ።
የምለምነው ይኸው ነው።"

ሁለት መስኮት በራ።
ፎጣ የጠመጠመች ሴት፤
ጉንጩ ዳቦ የሞላ ሰው፣ ማኘኩን የፈራ።
ሴትየዋ "ስንት—" ብላ ጀመረች፣
መብራት ሄደ። ድሬ ድሬ ሆና ቀረች።
ባትሪው አለ፣ መስመር የለም። ጨለማው መስታወት ውስጥ
የኔው ፊት ብቻ፣ ላቡ ሲያብለጨልጭ፣ አፉን እንደከፈተ ሲያፈጥ።

ስንት ብር? ስንት ሰው? ስንት ደቂቃ? እንጃ።
ኮቴን አውልቄ በሽርጤ ወጣሁ እስከ በሩ ደረጃ።
ሙኒር ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የፍየል አንገት ይዟል።
"ጋሼ፣ የሷ ቆርቆሮ" አለኝ፣ "አሁን የት ይገኛል?"